የጥለቱ ቀለም

አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ካሜራ ነበርን። ዋናው ካኖን፣ እኔ ሶኒ። ዋናው ባለሙያ በዕድሜም በሥራም ታላቄ ስለሆኑ ጋሼ ነው የምላቸው። አልበሙ የሚሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ ስቱዲዮ ነው።

የመናፈሻው ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲከፈቱ፣ የሙሽራዋ እናት ቁጭ ብለው እያዩ፣ ጋሼ «ሶኒ ፊት ቢጫ ያደርጋል አላልኩህም? ሽጠውና ካኖን ግዛ» አሉኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ካሜራዬ ስለተነካ አይደለም። ቀለምን የካሜራ ስም ጉዳይ ማድረግ ሥራችንን ስለሚያበላሽ ነው።

እናትየው ግን ፊቱን አልነበረም የሚያዩት። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ይሄ የልጄ ጥለት አይደለም» አሉ። የጋሼ ካኖን ያነሳው ነበር። ወደ እኔ ፎቶ ዞሩ። «ይሄም አይደለም። ክሩን ሽሮ ሜዳ ሄጄ ራሴ ነኝ የመረጥኩት። ወይን ጠጅ ነው!» ከቦርሳቸው ነጠላውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እውነትም አንዱ ካሜራ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ ቡኒ ወስዶታል። ሞኒተሩ ካሊብሬት የተደረገ (ቀለሙ በመለኪያ የተስተካከለ) ስለሆነ በስክሪኑ ማሳበብ አይቻልም።

ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ያሉት የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያዎች ከካሜራ ካሜራ ይለያያሉ። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ አንድ ብታደርገው ነጩና ግራጫው ይስማማል፤ ወይን ጠጁ ግን በዚያ ብቻ አይስማማም። ጋሼ «እንግዲያው የካኖኑን ፕሮፋይል ሶኒው ላይ ጫነው» አሉ። ፕሮፋይል ማለት የአንድን ካሜራ ቀለም የሚያርም ፋይል ነው። ፎቶ የምናስተካክልበት ፕሮግራም፣ ላይትሩም፣ ዝርዝሩ ውስጥ እንኳ አላመጣውም። እንዲህ ዓይነት ፕሮፋይል ለተሠራለት የካሜራ ሞዴል ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ባለ 24 ቀለም ከለር ቼከሬን (ቀለሞቹ አስቀድመው የታወቁ የመለኪያ ካርድ) ይዤ በረንዳ ወጣሁ። የመናፈሻው ፎቶ በፀሐይ የተነሳ ስለሆነ ቼከሩንም ፀሐይ ላይ፣ በሁለቱም ካሜራ፣ በሮው (ካሜራው ቀለሙን ሳያበስል በሚተወው ፋይል) አነሳሁት። ነጩ ካሬ ፎቶው ላይ በብርሃን ብዛት እንዳይቃጠል፣ ነጸብራቅም እንዳያርፍበት ደጋግሜ አየሁ። ለየካሜራው የየራሱን ፕሮፋይል ሠርቼ ስጭን ሁለቱ ጥለቶች ተቀራረቡ። ፊቱም አብሮ ተስተካከለ። እናትየው ነጠላውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው አዩና «አሁን የልጄ ልብስ ሆነ» አሉ።

ጋሼ ዝም አሉ። እሳቸው በጄፔግ ብቻ ያነሷቸው ጥቂት ፎቶዎች ነበሩ። እነዚያን ፕሮፋይሉ አላዳናቸውም። ጄፔግ ላይ ካሜራው ቀለሙን አብስሎ ጨርሷል፤ ከበሰለ በኋላ ቅመም ልቀይር ቢሉት አይሆንም። በእጅ እየነካካሁ የተቻለኝን አደረግሁ።

የከፋው የአዳራሹ ነው። ኬክ የተቆረሰው ሐምራዊ ኤልኢዲ መብራት ስር ነበር። ብርሃኑ ውስጥ የሌለውን ቀለም ጥለቱ ከየት አምጥቶ ይመልሰው? ለዚህ ፕሮፋይል የለውም። ጥቁርና ነጭ እናድርጋቸው ብል እናትየው «ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁበት ጥለት ጥቁርና ነጭ ሊሆን?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ፎቶዎቹ ከአልበሙ ወጡ።

አሁን ሰርግ ስቀበል ከዋጋው ቀጥሎ የምጠይቀው የአዳራሹን መብራት ነው። ለኬኩና ለመፈራረሚያው ሰዓት ብቻ ነጭ መብራት እንዲያበሩልኝ የዲኮር ልጆቹን እለምናለሁ። አንዳንዴ ይሰሙኛል፤ ብዙ ጊዜ አይሰሙኝም።