እማዬን ይዤ ባሕር ዳር ኢሚግሬሽን

እህቴ የምትኖረው ጀርመን ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ይህ ከተሰማ ጀምሮ እማዬ «ልጄን ማን ሊያርሳት ነው?» እያለች መቀመጫ አሳጣችን። ፓስፖርት ቀርቶ የቀበሌ መታወቂያዋ እንኳ ጊዜው አልፎበት ነበር። የቤቱ ታላቅ እኔ ስለሆንኩ ፓስፖርት የማውጣቱ ጉዳይ እኔው ላይ ወደቀ።

የሞጣ ሰዎች ነን። ለእኛ የሚቀርበን ባሕር ዳር ያለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቅርንጫፍ ነው። አሁን ጎረቤት ሁሉ «እንዴት አወጣችሁላት?» ይለኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ቢሮው ነው፤ ሰልፉ እንዴት ነው፣ ጥበቃው ያስገባል ወይ፣ ሠራተኞቹ ይቆጣሉ ወይ። እኔ ደግሞ ስለ ቀበሌ ነው የምመልስላቸው። ባሕር ዳር ያለው ሥራ አጭር ነው። ወረቀት ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ አሻራ ይወስዳሉ፣ ይሸኛሉ። እዚያ ጉዳያቸው ሳያልቅ ሲመለሱ ያየኋቸው ሰዎች በሙሉ የተመለሱት ከቤታቸው ይዘውት በመጡት ወረቀት ጉድለት ነው።

የልደት ምስክር ወረቀቱ ይቅደም። የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት) ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ በእማዬ ዕድሜ ያለ የገጠር ሰው የልደት ወረቀት ባይኖረው አይገርምም። ምስክሮች ይዘን ቀበሌ ሄድን። የክብር መዝገብ ሹሙ «መቼ ተወለዱ እናቴ?» አላት። «በጃንሆይ ጊዜ፣ ለገና» አለች። እኔ ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም። በቀን ስንት «ለገና»ና ስንት «ለኅዳር ሚካኤል» እንደሚሰማ እግዜር ይወቀው።

አሮጌው መታወቂያ ላይ ዓመቱ 1950 ይላል። ስለዚህ ታኅሣሥ 29 ቀን 1950 ዓ.ም. ተብሎ ተመዘገበ። ይህን የማነሳው ለወግ ብዬ አይደለም። ፓስፖርት ላይ የሚታተመው የፈረንጁ ቀን ነው። መስከረም 1 ቀን 1950 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1957 ይሆናል። የ7 ዓመት ልዩነት ማለት ነው። ለገና የተወለደችው እማዬ ግን ጃንዋሪ 7 ቀን 1958 ላይ ነው የምትውለው። ልዩነቱ 8 ሆነ። «7 ደምር፣ አለቀ» የሚል ጸሐፊ ከገጠማችሁ አስቁሙት። አንዱ ወረቀት 1957፣ ሌላው 1958 ካለ ሁለት ሰው ሆናችሁ አረፋችሁት።

ከቀን የባሰው ደግሞ ስም ነው። የእማዬ አያት ገብረ ማርያም ናቸው። አንዱ ወረቀት «ገብረ ማርያም» ብሎ ለያይቶታል፣ ሌላው «ገብረማርያም» ብሎ ገጥሞታል። በአማርኛ ሲሆን ማንም ጉዳዬ አይለውም። በላቲን ፊደል ሲሆን ግን ኮምፒውተሩ ሁለቱን አንድ ሰው አይላቸውም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ገብረ፣ ወልደ ወይም ኃይለ የሌለበት ቤት እስኪ ፈልጉ።

መፍትሔውን ያገኘሁት እህቴ ጋ ነው። «የልደት ወረቀትሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አልኳት። እዚያ ላይ የእናት ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል። ነገ ቪዛ ሲጠየቅ እናትና ልጅ መሆናቸው የሚታየው በዚያ ወረቀት ነው። ያንኑ አጻጻፍ ፊደል በፊደል ቁራጭ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ቀበሌም፣ ፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ምዝገባም፣ ኢንተርኔት ቤትም ቁራጯን ከኪሴ እያወጣሁ «እንደዚህ አድርገህ ጻፍልኝ» አልኩ። የቀበሌውን ልጅ ሳላሰለቸው አልቀረሁም። «ኧረ ስሟን አወቅነው!» ብሎኛል። ይበል፤ እኔን አይከፋኝም።

ፋይዳም አሁን ከማመልከቻው ጋር ይጠየቃል። ለእኛ እንዲያውም ጠቅሞናል፣ ምክንያቱም የአሻራውን ጣጣ ቀድመን አየነው። የእማዬ ጣቶች ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ አርመዋል፣ ጌሾ ወቅጠዋል፣ ምጣድ አሰሱ። መስመራቸው ተፍቋል። ማሽኑ ቀይ እያበራ እንቢ አለ። እማዬ ደነገጠች። «ወንጀለኛ ነሽ አለኝ እንዴ?» ስትል ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። መዝጋቢዋ ግን ብልሃት ነበራት። እጇን በሳሙና ለብ ባለ ውኃ አስታጠበቻት። ትንሽ ቫዝሊን ቀባቻትና በደንብ ጠረገችላት። ጣቷን በራሷ እጅ ይዛ፣ ሳትጫን፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። አነበበ። ያቺን ብልሃት ይዘናት ባሕር ዳር ሄድን። ከሠፈር ወላጆቻችሁን የምትወስዱ ሁሉ፣ ቫዝሊንና መሐረብ ከወረቀቱ እኩል ያዙ። ቀጠሮው ሲቃረብም ከእርሻና ከአመድ ሥራ ትንሽ አሳርፏቸው። እማዬ ይቺን ምክር አልሰማችም፤ እንጀራ ሳትጋግርማ አትሄድም።

ማመልከቻው በኦንላይን ነው የሚሞላው። ቢሮ ሄዶ ፎርም መጠየቅ ቀርቷል። ራሳችሁ መሙላት ከቻላችሁ ሙሉ፤ ካልቻላችሁ ኢንተርኔት ቤት ሄዳችሁ ከሚሞላላችሁ ልጅ አጠገብ ቁጭ በሉ። ዓይናችሁ ከስክሪኑ አይነሳ። በተለይ የስልክ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ላይ። ሰልፍ ላይ አንድ የዱርቤቴ ልጅ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ፎርሙን የሞላለት ደላላ የገዛ ራሱን ስልክ አስገብቶበታል። ሜሴጁ ሁሉ የሚደርሰው ለደላላው ነው። ልጁ የቀጠሮውን ቀን ለማወቅ እንኳ ይከፍለዋል። እንዲህ ያለ ገመድ አንገት ላይ የሚገባው አንዲት መስመር ሲሞላ ነው። የማመልከቻ ቁጥራችሁን ደግሞ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፉ። ኔትወርክ ሲጠፋ ወረቀት አይጠፋም።

ክፍያውን በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር መጨረስ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው ታሪፍ መደበኛው አዲስ ፓስፖርት 5,000 ብር ነው። በ5 ቀን የሚደርሰው 20,000፣ በ2 ቀን የሚደርሰው 25,000 ብር ነው። ታሪፍ ይቀየራልና ከመክፈላችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ። እኛ መደበኛውን መረጥን። እህቴ ገና ሦስተኛ ወሯ ነበር፤ ለአስቸኳዩ የሚወጣው ብር ለአውሮፕላን ትኬት ይሻላል።

አሁን ወደ ባሕር ዳር። ከሞጣ በአዴት አድርጋችሁ ትገባላችሁ። የጎጃም መንገድ በእነዚህ ዓመታት እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ተነስቶ እደርሳለሁ ማለት ቁማር ነው። መናኸሪያ ሄዳችሁ የዕለቱን ሹፌሮች ጠይቁ፣ በዋዜማው ግቡ፣ ዘመድ ቤት እደሩ። ቀጠሮው ላይ የተጻፈው ሰዓት በሐበሻ ይሁን በፈረንጅም አጣሩ። 8:30 የሚለውን አይታችሁ ከምሳ በኋላ ከሄዳችሁ ጠዋቱ 2:30 አልፏችኋል። ዓርብ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ቢሮ የምሳ ሰዓት ከ5:30 ነው የሚጀምረው፤ ከሌላው ቀን ይረዝማል።

በር ላይ ፍተሻ አለ። የቀጠሮውን ወረቀት አትማችሁ በእጃችሁ ያዙ። ስልክ ከፍቶ ሜሴጅ መፈለግ ከኋላችሁ ያለውን ሰው ያስቆጣል። ሲገባ ባለጉዳዩ ብቻ ነው የሚፈለገው። እኔ ለጥበቃው ቀረብ ብዬ «እናቴ ናት፣ ዓይኗ ደክሟል» አልኩት። አየት አደረጋትና «ግባ፣ ግን ዳር ቁም» አለኝ። ሰልፈኛውም «እማማ፣ ወደ ፊት ይለፉ» አላት። «ኧረ እናንተም ሥራ ትታችሁ ነው የመጣችሁት» አለች። አለፈች ግን።

ውስጥ የመጀመሪያው መስኮት ኦሪጅናሉንና ኮፒውን ያመሳክራል። ኮፒውን ከሞጣ አድርጋችሁ ምጡ። ለልጅ ፓስፖርት ለማስወጣት የመጡ አንዲት እናት፣ የልጁ አባት የት እንዳለ ሲጠየቁ ሰምቻለሁና፣ ለሕፃን የሚሄድ ሰው የወላጆችን ወረቀት አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ፎቶው እዚያው ይነሳል። ፎቶ ቤት ሄዳችሁ ብር አታባክኑ። ልብስ ግን አስቡበት። ከጀርባ ያለው መደብ ነጭ ነው። እማዬ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ነበር የመጣችው። ጥቁር ሹራብ በፌስታል ይዤ ስለነበር ከላይ ደረበች። የምታነሳት ልጅ «እማማ፣ ነጠላውን ወደ ኋላ መለስ ያድርጉልኝ፣ ፊትዎ በደንብ ይታይ» አለቻት። በትሕትና ነው ያለቻት። እማዬ ግን ለፎቶ ካልሳቅኩ ብላ አስቸገረች። መሳቅ አይቻልም።

አሻራው ላይ ቫዝሊኑ ሠራ። አንዷ አውራ ጣት ብቻ ትንሽ አስለፋችን።

ከወንበሩ ከመነሳቷ በፊት ቁራጯን ወረቀት አውጥቼ «እህቴ፣ ስሟን ከስክሪኑ አንዴ ታሳይኛለሽ?» አልኳት። አዞረችልኝ። ፊደል በፊደል አየሁት። የልደት ቀኑንም አየሁት። ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። እርማቱ እዚያ ወንበር ላይ እያሉ የደቂቃ ሥራ ነው። ፓስፖርቱ ከታተመ በኋላ ግን እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና መንገድ ነው። ሕትመቱ አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያ ነው ወደ ቅርንጫፍ የሚላከው። ስለዚህ በዕለቱ እወስዳለሁ ብላችሁ ባሕር ዳር አትቀመጡ። ወደ ቤታችሁ ግቡና ሜሴጁን ጠብቁ።

ሜሴጁ ሲመጣ መታወቂያና የማመልከቻ ቁጥሩን ይዘን ተመለስን። የተሰጠን ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው ቺፕ ያለው አዲሱ ፓስፖርት ነው። እዚያው መስኮቱ ሥር ገልጠን ስሙን፣ ቀኑን፣ ፎቶውን አየን። እማዬ ፎቶዋን አልወደደችውም። «የተቆጣሁ አስመሰሉኝ» ትላለች እስካሁን። አሁን የቀረን የኤምባሲው ቀጠሮ ነው። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ ካለፍነው እጽፍላችኋለሁ።