ሰማንያ ፓኬት ለውዝ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የሒሳብ መምህር መሆኔን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምተርከው ነገር ሁሉ ሲደመርና ሲቀነስ ትክክል ስለነበረ ነው።

በሴቶች መጸዳጃ ቤት በኩል የእጅ መታጠቢያ ውሃ አልነበረም። ቧንቧው አለ፤ ውሃው ግን በፈለገው ቀን ይመጣል፣ ባልፈለገው ቀን ይቀራል። ግንቦት ሲገባ ይህ ድሬ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ሮቶ ይገዛ ተባለ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ አብዛኛውን ወጪ ለመቻል ተስማማ፤ የቀረውን እኔ የምመራው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ክበብ ዕቃ ሸጦ እንዲሞላ ተወሰነ።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔው ነኝ። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጇ በየዓመቱ ለትምህርት ቤቱ ቸኮሌት እንደሚሸጥ አጫውታኝ ነበር። አቅራቢው ካርቶኑን በዱቤ ይሰጣል፣ ልጆቹ ይሸጣሉ፣ ከሽያጩ ግማሽ ገደማ ለትምህርት ቤቱ ይቀራል፣ ብዙ ለሸጠ ሽልማት አለ። «ካርቶኑን ሥራ ቦታ ተሸክሜ የምሸጠው እኔ፣ የተረፈውንም የምገዛው እኔ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከጨዋታዋ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን «ግማሽ ገደማ» የሚለው ብቻ ነበር።

ቸኮሌት በእኛ ሙቀት ከካርቶኑ ሳይወጣ ሾርባ ይሆናል። ለውዝ ግን አለን። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ባቢሌ በለውዟ የታወቀች ናት፤ ሙቀትም ሆነ መንገድ አያበላሸውም። (ለአክስቴ ልጅ ለውዝ ልንሸጥ ነው ብዬ ብጽፍላት ደነገጠች። እዚያ ለውዝ የማይስማማቸው ልጆች ስላሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃፋቸውን አያስረግጡትም።)

60 ኪሎ የተፈለፈለ ጥሬ ለውዝ በ9,000 ብር ገዛን። ለማጓጓዣ፣ ለከሰል፣ ለጨውና ለላስቲክ 1,200 ብር ወጣ። የትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ባለቤት ቆላችልን። ልጆቹ በሚዛን መቶ መቶ ግራም እየመዘኑ፣ የላስቲኩን አፍ በሻማ እሳት እያጣበቁ፣ የክበቡን ስም የያዘች ብጣሽ ወረቀት እየጨመሩ 540 ፓኬት አሸጉ። የሻማውና የተቆላ ለውዙ ሽታ ሳምንቱን ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም። ዋጋው 30 ብር። ለ18 ተማሪዎች 25፣ 25 ፓኬት አስፈርሜ ሰጠሁ፤ 90 መጋዘን ቀረ። የመክፈያ ቀን ቆረጥሁ። አንደኛ ለሚወጣው የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዛሁ።

የት እንደሚሸጡ ግን አልነገርኳቸውም። በሦስተኛው ቀን ሁለት የስምንተኛ ክፍል ወንዶች ጫት መቃሚያ ቤት ለቤት ሲዞሩ መምህር አገኛቸው። ከቀትር በኋላ ድሬ ላይ ለውዝ የሚገዛ ሰው የት እንደሚቀመጥ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ወላጆቻቸው ፊት የተናገርኩትን ይቅርታ እዚህ አልደግመውም።

የመክፈያው ቀን ደረሰ። 431 ፓኬት ተሸጦ 12,930 ብር ገባ። 62 ተመለሰ። 47 ፓኬት ግን ለውዙም ብሩም የለም። አንዱ ለሰፈር ሰው በዱቤ ሸጧል፤ የአንዷን ታናናሾቿ በልተውታል፤ አንዱ ደግሞ ሲጠየቅ መሬት ያያል። እኔም የአምስቱን ባለዕዳዎች ስም ከነብሩ ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍሁ። ግልጽነት መስሎኝ ነበር።

አንደኛ የወጣችው የ7ኛ «ለ» ልጅ ነበረች። 25ቱን በሦስት ቀን ጨርሳ 25 ጨመረች፤ ያንንም ጨርሳ 30 ወሰደች። ሰማንያ ፓኬት፣ 2,400 ብር፣ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል። ክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ ልጅ ናት። በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ቦርሳውን ስሰጣት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ዓይን አፋርነት ነው አልኩ።

በሳምንቱ ከአምስቱ ባለዕዳዎች አንዱ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። አባቱ ቀፊራ ገበያ ወዛደር መሆኑን ሰምቼ ልፈልገው ሄድኩ። ከከዚራ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግሬ መጋላ ገባሁ። ቀፊራ በቅስት በሮቹ በኩል ሲገቡበት በአራት ቋንቋ ዋጋ የሚጠራበት ቦታ ነው። አባትዬውን ሳላገኝ በጉልት ሻጮቹ መካከል ሳልፍ የሻማ ስፌት ያለው ላስቲክ አየሁ። የክበባችን ብጣሽ ወረቀት ያለችበት ፓኬት ነው። አንዲት ሴት ፊት በተዘረጋ ሰፌድ ላይ፣ ከራሷ የለውዝ ክምር ፊት ለፊት፣ ተደርድሯል።

ቆሜ አየሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር 30 ብር ሰጥቶ ፓኬቱን ወሰደ፤ እጁን ግን አልሰበሰበም። ሴትየዋ በቡና ስኒ ከራሷ ክምር ዝቃ መዳፉ ላይ ገለበጠችለት። ሰውየው ሄደ።

«ይህን ከየት አመጡት?» አልኳት።

«የልጄ ትምህርት ቤት ነው።» ከዚያ ማንነቴን ስትረዳ ተነስታ መቀመጫዋን ልትሰጠኝ ፈለገች።

«ገንዘቡ እኮ ገብቷል» አልኩ፤ የመጣልኝ ይህ ነበር።

«ገብቷል። ቀኑ ደረሰ ብላ ስታለቅስ ከመቋጠሪያዬ ሰጠኋት። ይሄ የቀረው ነው፣ አሥራ አንድ።»

«ለምን የራስዎን አይሸጡም ታዲያ?»

«የእኔ ነገም ይሸጣል። የእሷ ካላለቀ ከጓደኞቿ ፊት ታፍራለች።»

«በስኒ የሰጡትስ?»

ፊቴን አየችው፤ እንደዚህ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። «አቦ መምህር! ያለ ምራቂ ማን ይገዛኛል? ላስቲኩ ውስጥ ያለው ትንሽ ነው። ደንበኛዬ ይቀየመኛል።» አንዱን ፓኬት አነሳችና ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «ደግሞ ይህችን እዩ። ጠቁራለች። ሳትቆላ መለቀም ነበረባት።»

እውነቷን ነው። የሻገተ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። መድኃኒቱ ጥሬውን በእጅ ለቅሞ ማውጣት ነው። ይህን እኔ ከዚያ በኋላ ነው ያነበብኩት። እሷ በጣቷ ታውቀዋለች። እኛ ግን ስድሳ ኪሎውን ከጆንያው ወደ ምጣዱ ነበር የገለበጥነው።

ደቻቱን ስመለስ ሒሳቤን እንደገና ሠራሁት። ከ12,930 ብር ላይ ወጪያችን 10,200 ሲቀነስ 2,730 ብር አተረፍን ብዬ ሪፖርት አቅርቤያለሁ። ከዚህ ውስጥ 2,400 ብሩ በለውዝ ከምትተዳደር ሴት መቋጠሪያ የወጣ ነው። እሷ ባትኖር ትርፋችን 330 ብር ነበር። ሻጭ ለሆነች እናት ራሷ የምትሸጠውን ዓይነት ዕቃ አስይዘን፣ ገበያዋን ወስደን፣ ምራቂውንም ከእሷ ክምር አስከፍለን፣ ለልጇ ቦርሳ ሸለምን። መዝገቤ ላይ «ማን ሸጠ» የሚል ዓምድ እንጂ «ማን ገዛ» የሚል አልነበረም። ቢኖርም፣ አብዛኛው ረድፍ ላይ «እናቷ»፣ «አጎቱ»፣ «አባቱ» የሚል በተሞላ ነበር። የአክስቴ ልጅ እየሳቀች የነገረችኝ ይህንኑ ነው። በአሜሪካ የስካውት ልጃገረዶች በ1917 (እ.ኤ.አ.) በኦክላሆማ ሙስኮጊ ከተማ ብስኩት መሸጥ ሲጀምሩም የተጋገረው በየቤታቸው ማዕድ ቤት ነበር አሉ። የእናት እጅ ከመጀመሪያውም አልጠፋበትም።

በማግስቱ ዝርዝሩን ከሰሌዳው ቀደድኩ። የ47ቱ ፓኬት ዕዳ 1,410 ብር እንዲሰረዝ ለርእሰ መምህሯ ጻፍኩ፤ ጥያቄ ሳታበዛ ፈረመች። ልጁ ሰኞ ተመልሶ መጣ፤ አባቱም በሩ ላይ አግኝቶኝ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ መለሰልኝ፣ የሚገባኝም ያ ነው። ያቺ የ7ኛ «ለ» ልጅ ደግሞ በእረፍት ሰዓት መጥታ፣ «ቲቸር፣ የሸጠችው እናቴ እንደሆነች ለክፍል አይንገሩ» አለችኝ። አልነገርኩም። ትምህርት ቤቱን የማልጠራውም አንድም ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ማንም ልጅ አንድ ፓኬት ይዞ ከግቢ እንዳይወጣ አደረግን። ሽልማት የለም፣ የግል ዕዳ የለም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ በሚሰጥበት ቀን፣ ወላጅ በራሱ እግር ግቢ ሲገባ፣ በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ዘረጋን። ልጆቹ በየተራ ሸጡ፤ አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ብር ይቀበላል፣ አንዱ ይጽፋል። ላስቲክና ሻማ ቀርቶ በወረቀት ጥቅልል ሆነ። ለውዙን ተለቅሞና ተቆልቶ እንዲመጣ 40 ኪሎ በ220 ብር ሒሳብ ከዚያችው ሴት ገዛን። ለዋጋው ተከራክራኛለች፤ እኔም አልለቀቅኋትም፣ ተሸናፊው ግን እኔ ነኝ። በአንድ ጠዋት 400 ጥቅልል አልቆ 3,150 ብር ተረፈ። ካለፈው ዓመት ብዙም አይበልጥም። ኅብረቱ ከእኛ ምን እንደጠበቀ ሳስበው ትንሽ አሳፍሮኛል፤ ሮቶው ግን ቆሟል።

ዕቃውን ያስረከበችን በዋዜማው ነበር። ንብረት ክፍል ሚዛኑ ላይ 40 ኪሎው ሞላ፤ ሠራተኛዋ ሞዴል 19 የሚባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ሴትየዋ ከዘንቢሏ ስኒዋን አወጣችና ከሌላ ከረጢት እየዘቀች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጆንያው ላይ ደፋችበት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አንስታ።

«ምራቂ ነዋ።»

ሠራተኛዋ ዓምዶቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሴትየዋ ግን ብሯን ቆጥራ መቋጠሪያዋን እያሰረች ነበር።