ሳይፈታ የቀረው ማይክሮፎን

ለመቆረጥ ምልክት የተደረገባቸው ዛፎች ላይ ወጥተው፣ በሳንቃ መደብ ላይ እያደሩ ምንጣሮውን በአካላቸው ስለሚያግዱ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ነበርኩ። ፊታቸውን ላናሳይ ቃል ገብተን ስለነበር ካሜራው የሚያርፈው በጀርባቸው፣ በእጃቸውና በገመድ ቋጠሯቸው ላይ ብቻ ነበር። ስለ ድምፅ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

በስድስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ከዛፉ ሥር ቆማ ቃለ መጠይቅ ሰጠችን። እንዳበቃን ድንገት ዝናብ ጣለና ዕቃ ለመሸፈን ስንሯሯጥ፣ ገመድ አልባው ማይክሮፎን ከልብሷ ሳይፈታ፣ መቅረጫውም ሳይጠፋ ወደ ላይ ወጣች። ማታ የቀኑን ቅጂ ሳዳምጥ ከ40 ደቂቃ በላይ የሚሆን የግል ወሬ አገኘሁ። በሰፈሩ ሁሉም በቅጽል ስም ሲጠራራ እርሷ አንዱን ጓደኛዋን በእውነተኛ ስሙ ትጠራዋለች፤ የትኛው ገመድ መንገዱን ከዘጋው ማገጃ ጋር እንደተያያዘም ያወራሉ። እንዲህ ያለውን ማገጃ ያለ ጥንቃቄ የሚያነሣ ሰው፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ሊጥለው ይችላል።

ዝም ብዬ ላጠፋው አስቤ ነበር። ሆኖም የድምፁ ባለቤት ሳታውቅ መቅዳቱ አንድ በደል፣ ሳታውቅ ማጥፋቱ ደግሞ ሌላ በደል መስሎ ስለታየኝ ለዳይሬክተሯ ነገርኳት። እርሷም ያልታየ ቅጂ በፊልም ሠሪው እጅ ስላለ ብቻ የተጠበቀ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ጆ በርሊንገር በኢኳዶር ስላለው የነዳጅ ብክለት ፊልም ሲሠራ ያነሣውን ከ600 ሰዓት በላይ ጥሬ ምስል ለሸቭሮን የነዳጅ ኩባንያ እንዲያስረክብ አዝዞት ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚሰጠውን ክፍል ቢያጠበውም ማስረከቡ አልቀረለትም።

ያማከርነው ጠበቃ እስካሁን የፍርድ ቤት ትእዛዝም ሆነ የተጀመረ ምርመራ እንደሌለ፣ ትእዛዝ ከመጣ በኋላ ግን ማጥፋቱ ማስረጃን እንደ መሰወር ሊቆጠር እንደሚችል አስረዳን። ወጣቷን ከዛፉ ላይ አስጠርተን የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና እንዲጠፋ ጠየቀች።

ያን ጊዜ ነው ከባዱ ሥራ የመጣው። ቅጂው በመቅረጫው ካርድ ላይ፣ ማታ ማታ በምንገለብጥበት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ እንዲሁም በኤዲተሩ ኮምፒውተር ላይ ይገኝ ነበር። የፊታቸውን ምስል የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ በዝርዝር እየመዘገብን፣ ድምፁ የት የት እንደሚሄድ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፋችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሦስቱንም ፈልገን ስናጠፋ አጠገባችን ተቀምጣ ተመለከተች።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን እንደገና ልታናግረን ፈቀደች። ማይክሮፎኑን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ካሰረችው በኋላ ማብሪያው የቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። የማይክሮፎኑ መብራት መብራቱን አይታ መናገር ጀመረች።