ያልነዳሁበትን ሰዓት ፈረምኩ

ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ ቪትዙን ለእኔ ተወልኝ። መኪናው ስድስት ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። እናታችን ያለችው ወረታ ነው፤ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ እጋፋለሁ፣ መኪናው እቤት ቆሟል። በመጨረሻ ሰለቸኝና መንጃ ፈቃድ ላወጣ ተነሳሁ።

አሁን መንጃ ፈቃዱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ግን ያወጣሁበት መንገድ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ሊያወጣ የሚያስብ ሰው እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳይሠራ ነው የምጽፈው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የዓይንና የጤና ምርመራ፤ ይህ ሁሉ በሁለት ቀን አለቀ። የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱን ወድጄዋለሁ። የመንገድ ምልክት፣ ቅድሚያ አሰጣጥ፣ የሞተር አሠራር፣ የመጀመሪያ እርዳታ ተማርን። የኮምፒዩተሩን ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ አትቸኩሉ። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ችግሩ የመጣው መሪ ስንይዝ ነው።

የሥልጠናው መኪና አሮጌ ዲኤክስ ነበረች፣ ባለ ማርሽ። አንድ ጊዜ ስንወጣ አራት ተማሪ እንሆናለን። አንዱ ይነዳል፣ ሦስታችን ከኋላ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ወረቀቱ ላይ የሚመዘገበው የሁለት ሰዓት ሥልጠና ነው። ሁለት ሰዓት ለአራት ሲካፈል ሠላሳ ደቂቃ ነው። ከሠላሳው ላይ ደግሞ የነዳጅ ወረፋ አለ፣ የአሠልጣኙ ስልክ አለ፣ ቦታ መቀያየር አለ።

የመጀመሪያው ቀን መጨረሻ ላይ ወረቀቱ መጣ። በስሜ ትይዩ «2 ሰዓት» ተጽፏል። እጄ መሪ የነካው ለሃያ አምስት ደቂቃ ነበር። ቀና ብዬ አሠልጣኙን አየሁት።

«ከኋላ ተቀምጦ ማየትም ትምህርት ነው እህቴ» አለኝ።

ሌሎቹ ፈርመው እየጠበቁኝ ነበር። መሽቷል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ፈረምኩ። በሚቀጥለው ቀን ስፈርም ቀና ብዬም አላየሁትም።

አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ትዕግሥት አለው፣ አይጮህም፣ ስንሳሳት «አይዞሽ» ይላል። በቀን ስንት ተማሪ እንደሚያወጣ ሳስብ ያሳዝነኛል። ግን ያ ወረቀት ውሸት መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ባሕር ዳርን የምታውቁ ሰዎች የሚቀጥለው ይገባችኋል። ከተማችን ሜዳ ናት። ብስክሌት እንዲህ የበዛባትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከጊዮርጊስ ተነስታችሁ በዘንባባዎቹ ሥር ሐይቁን ይዛችሁ ብትነዱ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን) የሚያስጨንቅ ዳገት አታገኙም። ደህና ዳገት ከተፈለገ ቤዛዊት መሄድ ነው። አሠልጣኛችን «ዳገቱን በመጨረሻው ሳምንት እንወጣለን» ይለን ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ነዳጅ ጠፋ። ቤዛዊት ሳንወጣ ሥልጠናው «ተጠናቀቀ» ተባለ፤ ለእሱም ፈረምን።

የፈተናው ቀን ወደ ኋላ በምሰሶዎቹ መካከል መግባቱን በደንብ ሠራሁት። ቀጥሎ በአፈር የተሠራው ዳገት መጣ። ወጥቼ መሀል ላይ መቆም፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳልንሸራተት መነሳት ነበረብኝ። መኪናዋ የለመድኳት አይደለችም። ፍሪሲዮኗ ከላይ፣ እግር ብዙ ከተለቀቀ በኋላ ነው የሚይዘው፤ የኛዋ ከታች ነበር። እግሬን ለቀቅ ሳደርግ ምንም አልተሰማኝም። ፍሬኑን ለቅቄ ነዳጅ ረገጥኩ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ወደ ኋላ ሄደች። ደንግጬ ፍሪሲዮኑን ባንድ ጊዜ ስለቀው መኪናዋ ዘልላ ሞተሯ ጠፋ።

ፈታኙ «ውረጂ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ወረድኩ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ያያሉ። በዕድሜዬ ሠላሳ አራት ዓመት ነው፣ የራሴ ሱቅ አለኝ፣ ሰው አስተዳድራለሁ። የዚያን ቀን እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በማግስቱ ፋይላችን ወደሚቀመጥበት ቢሮ አቤት ልል ሄድኩ። ዳገት ያልተማረ ሰው በዳገት አይፈተንም፣ የጎደለው ሰዓት ይሰጠኝ ነው የምለው። የቢሮው ሠራተኛ በጸጥታ ሰማኝ። ፋይሌን አወጣ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ ጣቱን አሳረፈበት።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

አሥራ አንድ ፊርማ። ሃያ ሁለት ሰዓት። ሁሉም የእኔ። ከእነዚህ ውስጥ በእውነት የነዳሁት ስድስት ሰዓት ቢሞላ ነው።

«የእኔ ነው» አልኩት።

«ታዲያ እኛ ምን እናድርግሽ?»

መልስ አልነበረኝም። ወጣሁ። ቤት ደርሼ፣ በልቼ፣ ተኝቼ፣ ሌሊት ላይ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። አራታችንም የፈረምነው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ የሰሌዳ ቁጥር ነው። አንድን መኪና አራት ሰው በተመሳሳይ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሁለት ሰዓት ሊነዳው አይችልም። አራቱም ፋይል የሚቀመጠው እሱ ጋ ነው። ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ሒሳብ የማያውቅ ልጅ እንኳ ያየዋል። ጠዋት ተመልሼ ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት።

«የእኔ ሥራ ፊርማ መኖሩን ማየት ነው» አለኝ። ከዚያ «ቀጣይ» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ጠራ።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይህች መልስ ናት። እሱ ፊርማ መኖሩን ያያል። አሠልጣኙ ፊርማ ያስፈርማል። እኔ እፈርማለሁ። ሦስታችንም መንገድ ላይ ስለሚሆነው ነገር አላሰብንም። ሕጋችን የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ይባላል። ብቃት የሚለው ቃል ስሙ ላይ አለ። እኔ ፋይል ውስጥ ግን ብቃቴን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም።

በዚያ ሰሞን አንድ ደላላ አግኝቶኝ ነበር። ገንዘብ ከከፈልኩ ዳገቱንም ሌላውንም «እንደሚጨርስልኝ» ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር አስቤበታለሁ። ለእናቴ በስልክ ሳወራት ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ፣ በዚያ ወረቀት ነው እኔን የምታሳፍሪኝ?» አለችኝ። ማሳፈር የሚለውን በሁለቱም ትርጉሙ ሰማሁት። ደላላውን መልሼ አልደወልኩለትም።

ሁለተኛውንም ፈተና ወደቅኩ። ስቸኩል ነው፣ ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ከዚያ ያንኑ አሠልጣኝ ለብቻዬ ከፍዬ አምስት እሑድ ጠዋት ቤዛዊት ወጣን። የምንጽፈው ትክክለኛውን ደቂቃ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። አንድ ነገር ልመክራችሁ። አንዳንድ አሠልጣኝ ዳገት ላይ በፍሪሲዮንና በፍሬን ብቻ ተነሱ፣ የእጅ ፍሬን የፈሪ ነው ይላል። አትስሙት። የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ሳቡ። አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፤ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። እዚያ ላይ እግራችሁን ያዙት። ነዳጅ ትንሽ ጨምሩና የእጅ ፍሬኑን አውርዱ። ፈተና ላይ ደግሞ ገና ሜዳው ላይ ሳላችሁ የእጅ ፍሬኑ መያዙንና ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደሚይዝ ለመሞከር ፈታኙን ጠይቁ። እኔ በሦስተኛው ጠየቅኩ፣ ፈቀደልኝ። መጠየቅ እንደሚቻል ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

በአራተኛው እሑድ ቤዛዊት ላይ አቁሜ፣ ዓባይን ከላይ እያየሁ፣ አሥር ጊዜ ተነሳሁ። አንዴም አልተንሸራተትኩም። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት ፈተናውን ሳልፍ ከተሰማኝ ይበልጣል።

አለፍኩ። ቪትዙ ላይ ስቀመጥ ግን አውቶማቲክ ነው፤ ያ ሁሉ የተሠቃየሁበት ፍሪሲዮን የለም። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፣ እሱም ፍሪሲዮን የለውም። ዳገቱን መማሬ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላው ነው። ጨለማ ውስጥ ነድቼ አላውቅም ነበር። በፍጥነት የሚመጣ መኪና አልፎኝ አያውቅም። ከኋላዬ የሚጮህ ልጅ ኖሮ አያውቅም።

ፈቃዱን በያዝኩ በሦስተኛው ሳምንት የእህቴን ሦስት ልጆች ይዤ ከወረታ ስመለስ መሸብኝ። ሃሙሲትን አልፌ ወደ ዘንዘልማ ስቃረብ ልጆቹ ከኋላ በብስኩት ይጣላሉ። ፊት ለፊት አይሱዙ ረጅም መብራቱን አብርቶ መጣ። ምንም አላይም። «ተዉ!» ብዬ ዞር አልኩ። ስመለስ ጭድ የተጫነች አህያ ከነባለቤቷ ፊቴ ላይ ናት። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩ። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ቆመ። አህያዋን አልነካኋትም። ትንሹ ልጅ ቀበቶ አላሰረም ነበርና ግንባሩን ወንበሩ ላይ ተመታ። እኔ ነበርኩ ማሰር የነበረብኝ።

የአህያዋ ባለቤት ወደ መስኮቴ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «አይዞሽ እህቴ፣ እግዜር አትርፎናል» አለኝ። ግማሽ ሰዓት እዚያው ተቀመጥኩ። የቀረውን መንገድ በሌላ ሰው ፍጥነት ሳይሆን በራሴ ፍጥነት፣ ባጃጅ እያለፈኝ ነዳሁ።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። የሚኖረው ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ነው። እዚያ ሕጉን እየቀየሩት እንደሆነ የነገረኝ ያኔ ነው። በፈረንጆቹ ከጥቅምት 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት ተወስኗል። ተማሪ ለተግባር ፈተና ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 6 ወር መለማመድና የልምምድ መዝገብ መያዝ አለበት። ካለፈም በኋላ ዕድሜው ከ24 ዓመት በታች ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 እስከ 20 ዓመት ያለ ተሳፋሪ ከአንድ በላይ አይጭንም፤ የቅርብ ቤተሰብ ሲቀር። አዲስ አሽከርካሪ መሆኑን የሚያሳይ ምልክትም ለ24 ወር መኪናው ላይ ይለጥፋል።

ስሰማ ግንባሩ ያበጠውን ልጅ እያሰብኩ ነበር። እኔ ከ24 ዓመት አልፌያለሁ፣ ልጆቹም የቤተሰቤ ናቸው። ያ የተሳፋሪ ክልከላ እኔን አይነካኝም ነበር። ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነው እላለሁ። እዚህ ፈተናው ይክበድ የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ግን አልደሰትም። ፈተናው ሲከብድ የደላላው ዋጋ ነው የሚጨምረው። መጀመሪያ ሰዓቱ በእውነት ይቆጠር። አንድ መኪና፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ተማሪ። አራት ፋይል ጎን ለጎን ማየት በጀት አይጠይቅም።

ማታ ሰው እንዳይጭን መከልከሉን በተመለከተ አንድ ጎረቤቴ ተከራከረኝ። ሹፌርነት እንጀራው የሆነ ልጅ ስድስት ወር ምን ይብላ አለኝ። እውነት አለው። እንዲህ ላለው ሰው ክልከላ ሳይሆን ልምድ ካለው ሹፌር ጋር አብሮ የሚነዳበት ጊዜ ቢኖር ይሻላል ባይ ነኝ። ለራሱ መኪና ለሚነዳ እንደ እኔ ላለ ሰው ግን ይህ ምክንያት አይሆንም። ሕግ አትጠብቁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከመሸ በኋላ ልጅ አትጫኑ። የኋላ መስታወቱ ላይ «አዲስ አሽከርካሪ» ብላችሁ ለጥፉ። እኔ ለጥፌአለሁ። ባጃጆቹ ክላክስ ያበዙብኛል፣ ግን ርቀት ጠብቆ የሚከተለኝም በዝቷል። የመጀመሪያውን ወር በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ጠዋት በማለዳ ተመላለሱ። 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው፤ ረድፍ መያዝና ስፖኪዮ ማየት እዚያ ነው የለመድኩት።

እህቴ፣ የልጆቹ እናት፣ ባለፈው ወር ሥልጠና ጀመረች። በእውነት የነዳችበትን ደቂቃ የምትጽፍበት ደብተር ገዛሁላት። ሐሙስ ከሥልጠና ስትወጣ ወረቀቱን ሰጧት፤ «2 ሰዓት» ይላል። ሰርዛ «35 ደቂቃ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። አሠልጣኟ ተቆጣ፣ ከኋላ የነበሩት ሁለት ልጆች ግን እነሱም ሰረዙ። ማክሰኞ ለብቻዋ እንድትመጣ ቀጥሯታል።