ዓባይን አየን፣ እስቲ ቦርከናን ደግሞ ላውራችሁ

ወዳጆቼ እንኳን ለ2018 በሰላም አደረሳችሁ! ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በጤና ያሸጋገረን ፈጣሪ ይመስገን። መቼም ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ዓባይ ነው፣ ጳጉሜ 4 ግድቡ ሲመረቅ እኛም ደሴ ላይ ቡና እየጠጣን በቲቪ አይተን እልል ብለናል፣ ይገባዋልም። ግን የዛን ቀን ማታ ወደ ቤት ስገባ ድልድዩ ላይ ቆሜ ወንዛችንን ቦርከናን ሳየው አንጀቴን በላው። ጥምብሩ ዞሮ ድፍርስ ብሎ እየጮኸ ይወርዳል፣ ለሱ የዘፈነ የለማ! ስለዚህ የዘንድሮ የበዓል ፖስቴ የሱ ነው፣ አብሽሩ አላስረዝመውም (ውሸቴን ነው)።

ለማታውቁት፣ ቦርከና ኩታበር በኩል ካለው ደጋ ይነሳል። ከዛ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል ደሴን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ወሎ ላይ እኮ ዝናቡ ራሱ ዕጣ የሚወጣለት ነው የሚመስለኝ፣ ወደ ምዕራብ የወረደው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባና ሱዳን፣ ግብፅ እያለ ሜዲትራኒያን ይደርሳል፣ ትንሽ ወደ ምስራቅ ያጋደለው ደግሞ ቦርከና ሆኖ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደሞ ባህር አያውቅም፣ አፋር በረሃ ለበረሃ ሄዶ ሄዶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ማንም ከማንም አልተደራደረበትም፣ ምናልባት ለዛ ይሆናል ዞር ብሎ ያየውም የሌለ።

ጂኦሎጂ የተማረ ጓደኛዬ እንደነገረኝ ደሴ የተቀመጠችበት ጎድጓዳ ራሱ መሬት ተሰንጥቆ መሃሉ ሲሰምጥ የተፈጠረ ነው፣ ጦሳ የቀረው አንዱ ግድግዳ ነው ማለት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እዚህ ሰፈር መሬት ተንሸራተተ፣ እዛ ሰፈር ቤት ተሰነጠቀ የምንሰማው በከንቱ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ውሃ ይጠጣል፣ ወንዙም ከስር ይቦረቡራል።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ቦታው ድሮ ላኮመልዛ ይባል ነበር፣ አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ጅራታም ኮከብ አይተው ደስ ቢላቸው ደሴ አሏት ይባላል፣ ንጉሥ ሚካኤል ደሞ ከተማቸው አደረጓትና አይጠየፍን ሠሩ፣ ደሃ ሀብታም ሳይባል የሚበላበት አዳራሽ። ታሪክ ነጋሪ ስለ ጠጁና ስለ ሥጋው ያወራል፣ ያን ሁሉ እንስራ ውሃ ከየምንጩና ከየወንዙ በጀርባዋ አዝላ ስላወጣችው ሴት ግን ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

እኛ ልጅ ሆነን ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ራቁታችንን ወጥተን እንጠመቅ ነበር፣ የጎረቤት ሙስሊም ልጆችም አብረውን፣ እናቶቻቸው "ግቡ ብርድ ይመታችኋል" ይላሉ እንጂ ሌላ ነገር አይሉም። ከዛ ቦርከና ዳር ሄደን ጎርፉ ያመጣውን ነገር እንጠብቃለን፣ ኳስ፣ ጀሪካን፣ አንዴ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ እግር ቦቲ ጫማ ይዘን ገብተን እማዬ ገረፈችኝ። ዛሬ እንኳን ልጅ ውሻም የሚገባበት አይመስለኝም፣ የከተማው ቆሻሻ ሁሉ እዛ ነው የሚወርደው፣ እኔም ብሆን አንዴ ማታ ሰው አላየኝም ብዬ ፌስታል ወርውሬያለሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

ታዲያ ያ ፌስታል የት ሄደ? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን በሚኒባስ ስትወርዱ ጃኬት የምታወልቁባት ያቺ መንገድ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ውሃው ግን በራሱ መንገድ ገደል ለገደል 600 ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። እዛ ደሞ የፋብሪካው ፍሳሽ ይጨመርበታል፣ ከዛ ጨፋ። ጨፋ ረግረጉ በጋ ላይ አረንጓዴ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የኦሮሞውም የአፋሩም ከብት የሚሰማራው እሱ ላይ ነው። የኔን ፌስታል ላም በልታው ይሆናል ብዬ ሳስብ ይቀፈኛል።

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ወንዙ ዳር ትንሽ ጎመንና ቃሪያ አላት። ሰማይ ሳይሆን እኛን ነው የምትጠይቀው፣ ኮምቦልቻ ጠራርጎ ፀሐይ ሆኖ እንኳ ደሴ ከዘነበ ወንዙ ይሞላባታላ። ዛሬ ጠዋት ገና አደዩ ሳይጎዘጎዝ ስልኬ ጮኸ። እንኳን አደረሰሽ ልላት አፌን ስከፍት፣

"ላይ ዘንቧል እንዴ ልጄ?" አለች።

"ሌሊቱን ሙሉ" አልኳት።

"በል ቆይ፣ ቃሪያዬን ልልቀምና መልሼ እደውላለሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ" ብላ ዘጋችው።