ለበዓል የሚሄደው አውራ፣ ለዘር የሚቀረው አውራ

አንዲት እናት ዶሮ 12 እንቁላል ታቅፋ ዘጠኝ ጫጩት ብታወጣ አራቱ ወይም አምስቱ ወንድ ናቸው። ሹል እንቁላል ወንድ፣ ድብልብል እንቁላል ሴት ይወጣዋል የሚባለውን ተዉት፤ ጾታው የሚወሰነው ገና ቅርፊቱ ሳይሠራ ነው። ስለዚህ እንቁላሉን ከማሳቀፌ በፊት ለወንዶቹ መውጫ አስባለሁ። ደብረ ማርቆስ ዳር፣ በ12 ሴት ዶሮ የምሠራበትን መንገድ ነው ከዚህ በታች የምጽፈው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ማን ይቀራል ከሚለው ነው። አብዛኛው ቤት በተቃራኒው ይሠራል። ፋሲካ ሲደርስ ትልቁ፣ ቀዩ፣ ድርብ ኩክኔ (አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ያለው አውራ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ይሸጣል፤ ገዢ ያጣው ኮስማና ከሴቶቹ ጋር ይቀርና የሚቀጥሉት ጫጩቶች አባት ይሆናል። ይህ ሦስት አራት ዓመት ሲደጋገም ዶሮዎቹ ያንሳሉ፣ ባለቤቱም «ዘሩ ተበላሸ» ይላል። ዘሩን ያበላሸው የበዓል ገበያ ነው። እኔ ዘር የሚሆነውን በአራተኛው ወር መርጬ ምልክት አስርበታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ቢሰጥ አልሸጠውም።

ለመምረጥ በመጀመሪያ በእርግጠኝነት መለየት ያስፈልጋል። የሐበሻ ዶሮ ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ይገመታል፦ የወንዱ ኩክኔ ቀድሞ ይቀላል፣ እግሩም ይወፍራል። ግምት ግን ግምት ነው። ድርብ ኩክኔ ያላቸው ላይ ኩክኔው ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ ሰው ወንዱን ቄብ ነው ብሎ ያቆየዋል። የማይዋሸው ምልክት ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። ጫጩቱን ያዙና ከጅራቱ በላይ፣ ወገቡ ላይ ያለውን ላባ በጣት ገለጥ አድርጉ። ጫፉ ሹልና አብረቅራቂ ከሆነ ወንድ ነው፤ ክብና ደብዛዛ ከሆነ ሴት። በፈረንጅ ዶሮ ነገሩ ይለያል። የቦቫንስ ብራውን ጫጩት በተፈለፈለ ቀን በቀለሙ ይታወቃል፦ ቡናማዋ ሴት፣ ነጣ ያለ ቢጫው ወንድ ነው። «የእንቁላል ዶሮ ጫጩት» ተብሎ በርካሽ የሚቀርብላችሁ ሁሉም ቢጫ ከሆነ የምትገዙት አውራ ነው። ሳሶ የሚባለው ዝርያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይለይ ስለሚሸጥ ግማሹ ወንድ ይሆናል ብላችሁ ተነሡ።

ለዘር የማስቀረው አውራ ከእኩዮቹ ውስጥ በክብደት ከፍ ያለ፣ እግሩ ያልተጣመመ፣ የደረት አጥንቱ ቀጥ ያለ ነው። እናቱም ብዙ የምትጥል ወይም ጫጩቶቿን በደንብ የምታሳድግ መሆን አለባት። በመንጠቆ ሚዛን፣ ሁለት እግሩን በለስላሳ ጨርቅ አስሬ እመዝነዋለሁ። ሰው ላይ የሚዘል አውራ ምንም ቢያምር አላስቀርም፤ ጠባዩ ለልጆቹም ይተላለፋል፣ ግቢ ውስጥም ሕፃን አለ። ምልክቱ ግራ እግሩ ላይ የማስረው ቀይ ክር ነው። ክሩ በየሁለት ሳምንቱ መላላት አለበት። እግሩ በወፈረ ቁጥር ክሩ ይጠብቅና ቆዳውን ይቆርጣል፤ ቁስሉ ቅርፊት ሥር ስለሚደበቅ የሚታየው አውራው ማነከስ ሲጀምር ነው።

ስንት ይቅር? ለ10 ወይም ለ12 ሴት አንድ ይበቃል። እኔ ሁለት አስቀራለሁ፦ አንዱ ሠራተኛ፣ ሁለተኛው ለብቻው የሚኖር ተጠባባቂ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሴቶቹ ጀርባቸው ይመለጣል፣ ቆዳቸው በጥፍር ይሰነጠቃል፣ ሽሽት ላይ ስለሚውሉም ጎጇቸውን ትተው ቁጥቋጦ ሥር መጣል ይጀምራሉ። እንቁላል ለመብላትና ለመሸጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድም አውራ አያስፈልገውም፤ ሴት ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች፣ ያልዳበረው እንቁላልም ረዘም ላለ ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል።

ዘር አውራን ስትቀይሩ የምትረሱት ነገር አለ። ሴቷ የቀድሞውን አውራ ዘር እስከ ሦስት ሳምንት ሆዷ ውስጥ ታቆያለች። አዲሱ በገባ ማግስት ያሳቀፋችሁት እንቁላል የአሮጌው ልጅ ሊሆን ይችላል። አራት ሳምንት ጠብቁ። አዲሱም የሴቶቹ ወንድም ባይሆን ይመረጣል፤ ራቅ ካለ ቀበሌ ካለ አርቢ ጋር አውራ በአውራ መለዋወጥ ወጪ የለውም። የቲሊሊም ሆነ የደብረ ኤልያስ ዶሮ ለዚህ መልካም ነው። የመጣው እንግዳ ሦስት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ ከሌሎቹ አይቀላቀልም።

የቀሩትን ወንዶች በአራት ወራቸው፣ መጮህና መዝለል ሲጀምሩ፣ ሁሉንም በአንድ ምሽት ወደ ራሳቸው ቤት አስገባለሁ። ምሽት የመረጥኩት ጨለማ ውስጥ ስለማይጣሉ ነው። ሴቶቹን እንዳያዩ መጋረድ ያስፈልጋል፤ ሴት ካላዩ ጠባቸው በጣም ይቀንሳል። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአራት በላይ አላስቀምጥም፤ ቆጡን ከፍና ዝቅ አድርጌ እሠራለሁ፣ መመገቢያውን በሁለት ጥግ አደርጋለሁ፣ ደካማው ከጉልበተኛው ሸሽቶ እንዲበላ። አንዱን አውጥታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ካቆያችሁት መልሳችሁ አታስገቡት። እንደ እንግዳ ቆጥረው ይወግሩታል። ለከተማ ሰው ደግሞ የጩኸቱ ነገር አለ። ገጠር ዶሮ ጮኸ ተብሎ የተቆጣ ጎረቤት የለም፤ ከተማ ግን በሌሊት ብርሃን የሚያስገባውን ስንጥቅ ሁሉ መድፈን ያስፈልጋል። ዝም አያሰኛቸውም፣ ግን ያዘገያቸዋል።

በግና ፍየል እንደሚኮላሸው አውራ ዶሮንም አኮላሽቼ ላደልብ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የዶሮ ቆለጥ ሆዱ ውስጥ፣ ጀርባ አጥንቱ ሥር ነው ያለው፤ ያለ ቀዶ ጥገና አይወጣም። አትሞክሩት።

ማድለቡ ከበዓሉ በፊት ስድስት ሳምንት ነው። ለ10 ኪሎ መኖ 6.5 ኪሎ የተሸረከተ በቆሎ፣ 1.8 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው)፣ 1.5 ኪሎ ፉርሽካ፣ 150 ግራም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 50 ግራም ጨው። ለአንድ አውራ በቀን 120 ግራም፣ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ማታ። ለአምስት አውራ በ42 ቀን 25 ኪሎ ያህል ይሄዳል። ቦቆልት የሸተተ ወይም የሻገተ በቆሎ «ለዶሮ ይሁን» ተብሎ አይሰጥም፤ የሻጋታው መርዝ ጉበታቸውን ይጎዳል። የጣይ ዶሮ መኖም ለአውራ አይሆንም። ለቅርፊት መሥሪያ ተብሎ የተጨመረው ካልሲየም ለእሱ ትርፍ ነው፣ ኩላሊቱን ይጎዳዋል።

በየሳምንቱ ሁለቱን መዝኑ። በሳምንት የሚበላው 840 ግራም ነው። የዚያ መኖ ዋጋ ከጨመረው ሥጋ ዋጋ ካለፈ ማቆየቱ ኪሳራ ነው። ትልቁ ኪሳራ ግን «ለገና ዋጋው አልጣመኝም፣ ለፋሲካ ላቆየው» የሚለው ነው። ከታኅሣሥ 29 እስከ ፋሲካ ቢያንስ 87 ቀን፣ ሲበዛ 121 ቀን አለ፤ ለአንድ አውራ ከ10 እስከ 14.5 ኪሎ ያህል መኖ ማለት ነው። መሐል ላይ ደግሞ 55 ቀን ሁዳዴ አለ፤ ያን ጊዜ ገዢ የለም።

ስለዚህ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቆጥሬ አሳቅፋለሁ። የሐበሻ አውራ ለገበያ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ይፈልጋል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። መስከረም 10 ያሳቀፍኩት ጥቅምት 1 ይፈለፈላል፤ ሚያዝያ 1 ላይ 180 ቀኑ ነው። ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ይህን ጊዜ ነው፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ብዙም ሳይቆይ አዝመራው ይገባል፣ ጫጩትም በብርድ አያልቅም። ፋሲካው መጋቢት መጨረሻ ላይ የሚውል ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት አስቀድሙ። ለእንቁጣጣሽ ጥር 24 ሲታቀፍ የካቲት 15 ይወጣል፤ መስከረም 1 ሲደርስ ስድስት ወር ከሦስት ሳምንት ይሞላዋል። የገናው ነው አስቸጋሪው፤ ጫጩቶቹ ሰኔ ላይ መውጣት አለባቸው፣ ሰኔ ደግሞ ጭቃውም ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታም የሚበረታበት ነው። ለገና አላሳቅፍም።

ሽያጩ ላይ ቀለም ዋጋ አለው። ቀይ፣ ነጭ፣ ገብስማና ወሰራ ቶሎ ይነሣሉ፣ ድርብ ኩክኔ ሲጨመርበት የበለጠ። ጥቁሩን ሰው ሁሉ ስለሚያልፈው ለራሴ ቤት አስቀረዋለሁ፤ ወጡ ውስጥ ላባው የለም። (ጥቁር አውራ ብቻ እየፈለገ የሚመጣ ሰው አለ። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።) ከበዓሉ በፊት ባለው የመጨረሻ ገበያ ጠዋት እሸጣለሁ። ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ያልሸጠ ሁሉ ይዞ ላለመመለስ ስለሚጥል ዋጋው ይወርዳል። በቅርጫት እንጂ እግሩን አስሬ ዘቅዝቄ አልወስድም፤ ገዢ ደረቱን ዳብሶ ነው የሚገምተው፣ ሲንቀጠቀጥ የዋለ ዶሮ ደግሞ ሲያዩትም የታመመ ይመስላል። ሳይሸጥ የተመለሰ ካለ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆያል፣ ወይም ለበዓሉ ይታረዳል። ፈንግል ወደ ግቢ የሚገባበት ትልቁ በር ገበያ ደርሶ የመጣ ዶሮ ነው። ስለዚህ የሚሸጡትም ቢሆኑ ገበያ ከመውጣታቸው ሦስት ሳምንት በፊት ይከተቡ። አረንጓዴ ቅዘን፣ አንገት መጠማዘዝ፣ ትንፋሽ ማጠር ያያችሁ ቀን ግን አትሽጡ፤ በሽታውን ለመንደሩ ሁሉ ማከፋፈል ነው። መድኃኒት የወሰደውንም ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳይሞላ አትረዱ።

ለቤት የሚታረደው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ እንጂ እህል አያገኝም፤ ሆድ ዕቃው ባዶ ሲሆን ብልት ሲወጣ ሥጋውን አያቆሽሽም። ከታረደ በኋላ ደሙ እስኪያበቃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዘቅዝቆ ይቆይ። ላባው ላይ የሚበላሸው ውሃው ነው። እየፈላ ያለ ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት ቆዳው ይበስልና ከላባው ጋር ይቀደዳል። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሁለት እጅ የፈላ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 65 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። አንድ ደቂቃ ያህል እያገላበጣችሁ ንከሩ፤ የክንፉ ትልቁ ላባ ያለ ትግል ከተነቀለ አውጡት። ከዚያ በነበልባል ለብለብ፣ በሎሚና በጨው ማጠብ፣ ሐሞቱን ሳያፈርጡ ማውጣት። 12ቱን ብልት ማውጣት ለባለሙያ የሚተው ነው።

ዘር አውራው ሁለት ዓመት ሲሠራ ተራው ይደርሳል። ተጠባባቂው ቦታውን ይይዛል፣ አሮጌው ይታረዳል። ብልቱን ግን ከወጣቱ አውራ ጋር አንድ ድስት ውስጥ አትክተቱት። ወጣቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ሲበስል የአሮጌው ሥጋ ገና ጎማ ነው። ለብቻው በቀስታ እሳት ሁለት ሰዓት ያህል ቀቅሉትና ሥጋውን ከነመረቁ ቁሌቱ ላይ ጨምሩት።