ለሳይድ ባይ ሳይድ የበረዶ ምላጭ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ከሚንያፖሊስ ወጣ ብለን ነው። ከዋናው መንገድ እስከ በራችን መቶ ሜትር ያህል ጠጠር የፈሰሰበት መግቢያ አለን። በረዶ ሲጥል በአካፋ አይሞከርም። ስለዚህ በጋውን እንጨትና አፈር የምናመላልስበት ሳይድ ባይ ሳይድ (ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥባት፣ ከመንገድ ውጭ የምትሄድ ትንሽ ተሽከርካሪ) ላይ በረዶ የሚገፋ ምላጭ አስገጠምኩ፣ ያው እንደ ግሬደር ማለት ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት 60 ኢንች ነበር። ሻጩ "ይበቃሃል" አለኝ፣ አመንኩት። የኔዋ ተሽከርካሪ ግን ከጎማ ጎማ 62 ኢንች ናት። በዚያ ላይ በረዶውን ወደ ዳር የሚጥለው ምላጩ ሰያፍ ሲዞር ነው፣ ሰያፍ ሲዞር ደግሞ ስፋቱ ይቀንሳል። በ30 ዲግሪ የኔው 60 ወደ 52 ወረደ። ታዲያ ጎማዎቹ ያልተጠረገውን እየረገጡ ያልፋሉ፣ የተረገጠው ሌሊቱን ድንጋይ ይሆናል፣ ጠዋት ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ስትወጣ መኪናው እዚያው ላይ ተንሸራተተባት። በጣም ነው የደነገጥኩት። አሁን ያለኝ 72 ነው፣ ዞሮም 62 ይጠርጋል።

ቀጥሎ የምታዩት መሬቱን ነው። ጠጠር ከሆነ ከምላጩ ስር የሚገቡት የብረት ጫማዎች የግድ ያስፈልጋሉ። እኔ ከመሬት ግማሽ ኢንች ያህል አንስቼዋለሁ። ያለ እነሱ የገፋሁ ጊዜ ጠጠሩ ከበረዶው ጋር ተጠርጎ ሄዶ፣ በረዶው ሲቀልጥ ከሳሩ ውስጥ በእጃችን ስንለቅም ከረምን። ጋሼ፣ ጎረቤታችን፣ ግቢያቸው አስፋልት ስለሆነ ጫማውን አውልቀው ነው የሚጠርጉት። ለሳቸው ልክ ነው። እርጥብ በረዶ ስለማይጣበቅበት የፕላስቲክ ምላጭ መርጠዋል፣ እኔ ግን ጠጠር ላይ ብረት ይሻለኛል።

ምላጩ ሲመታ እንዲታጠፍና እንዲመለስ የሚያደርገውን ሞላ (ስፕሪንግ) ሳታዩ እንዳትገዙ! ባለፈው በረዶ የሸፈነውን ጉቶ መታሁት። ምላጩ ወደፊት እጥፍ ብሎ አለፈና በሞላው ኃይል ተመለሰ። ያ ባይኖር የሚጣመመው ሻሲው ነበር፣ እኔም ከመሪው ጋር እጋጭ ነበር።

የምላጩ ማንሻ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ ሞተር) ከሆነ ገመዱን ቶሎ ቶሎ ተመልከቱ። ቀኑን ሙሉ የሚነሳ የሚወርደው በዚያችው አጭር ክፍል ስለሆነ እዚያው ላይ ይበላል። ሃይድሮሊክ ይሻላል፣ ግን ዋጋው ከበድ ይላል።

ስትገፉ ደግሞ ከመጀመሪያው በረዶ ጀምሮ ክምሩን ከመንገዱ ራቅ አድርጉት። እኔ ኖቬምበር ላይ ጠርዙ ላይ የተውኩት ጃንዋሪ ሲደርስ ግንብ ሆኖ መግቢያውን አጠበበብኝ። ወደ ሕዝብ መንገድ መግፋት ደግሞ እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው።

ምላጩን ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ግጠሙት። እዚህ በ1991 በሃሎዊን ቀን፣ ኦክቶበር 31፣ የጀመረው በረዶ መንትዮቹ ከተሞች (ሚንያፖሊስና ሴንት ፖል) ላይ 28.4 ኢንች ጥሏል። የጀመረው ገና ኦክቶበር ሳያልቅ ነው ማለት ነው።